የሴልመር ካቢኔ የወደቀው በፍርድ እንጂ በድምፅ አይደለም

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ስለ ኖርዌይ የፓርላማ ሥርዓት አጀማመር ባወጣችሁት ጽሑፍ የጠቅላይ ሚኒስትር ክርስቲያን አውጉስት ሴልመር መንግሥት «የሆይሬ ፓርቲ መንግሥት» ተብሏል (ሆይሬ የወግ አጥባቂዎቹ ፓርቲ ነው)፤ የወደቀውም «ፓርላማው እምነት ስለነፈገው» ነው ተብሎ ተጽፏል። ሁለቱም ይታረሙ። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።)

ሴልመርና ሚኒስትሮቹ ወግ አጥባቂ መሆናቸው አያከራክርም። ሆይሬ ግን የተመሠረተው ኦገስት 25 ቀን 1884፣ ሴልመር ከተነሳ ከአምስት ወር በኋላ ነው። ፓርቲው የመጀመሪያ ካቢኔውን ያቆመው በጁላይ 1889 በኤሚል ስታንግ መሪነት ነው። ኤሚልን ደግሞ ከአባቱ ከፍሬድሪክ ስታንግ ጋር የሚያምታቱ አሉ፤ አባትየው ሴልመርን ቀድሞ እስከ 1880 መንግሥቱን የመራው ነው።

ወደ አወዳደቁ ልምጣ። በ1814ቱ ሕገ መንግሥት ሚኒስትሮች ስቶርቲንግ (የኖርዌይ ፓርላማ) ገብተው መከራከር አይችሉም ነበር። ስቶርቲንግ ይህን ለመለወጥ በ1872፣ በ1874፣ በ1877 እና በ1880 ወሰነ፤ የመጨረሻው ድምፅ 93 ለ20 ነበር። ዘውዱ አራቱንም ጊዜ አላጸድቅም አለ። በዚህ ጊዜ ስቶርቲንግ ጁን 9 ቀን 1880 በ74 ለ40 ድምፅ ለውጡ ያለ ንጉሡ ይሁንታ ጸንቷል ብሎ ወሰነ።

የጭቅጭቁ ምንጭ አንድ ክፍተት ነው። በያኔው አንቀጽ 79 መሠረት በተለያየ ምርጫ የተመረጡ ሦስት ፓርላማዎች ያጸደቁትን ተራ ሕግ ንጉሡ ሊያግድ አይችልም ነበር። ሕገ መንግሥት ስለማሻሻል ይደነግግ የነበረው አንቀጽ 112 ግን ስለ ንጉሡ ይሁንታ ዝም ይል ነበር። ወግ አጥባቂዎቹ ይህን ዝምታ ፍጹም የመሻር መብት አድርገው ተረጎሙት፤ የክርስቲያኒያ (የዛሬዋ ኦስሎ) ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲም በ1881 ደገፋቸው።

እምቢ ያለው ንጉሡ ሆኖ ሳለ ሚኒስትሮቹ ለምን ተከሰሱ? እዚያም ቢሆን ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ነበር፤ ተጠያቂው የሚኒስትሮቹ ምክር ቤት ነው። በአንቀጽ 30 ደግሞ ተቃውሞውን በቃለ ጉባኤ ያላስመዘገበ ሚኒስትር ከንጉሡ ጋር እንደተስማማ ይቆጠራል። የእነ ሴልመር ጣጣ እዚህ ላይ ነው።

የ1882ቱን ምርጫ ሊበራሎቹ አሸነፉ። ስቶርቲንግ ከአባላቱ ሩቡን ለላግቲንግ፣ የቀሩትን ለኦደልስቲንግ ይመድብ ነበር፤ ሚኒስትሮች በሚዳኙበት፣ ሪክስሬት በሚባለው ችሎት ኦደልስቲንግ ይከስ፣ ላግቲንግ ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ጋር ይፈርድ ነበር። ሊበራሎቹ ላግቲንግን በራሳቸው ሰዎች ሞሉት። ከዚያ ወዲያ ውጤቱ የታወቀ ነበር ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ክሱ ይሁንታ መከልከልን ብቻ ሳይሆን ለተኩስ ልምምድ ማኅበራት የተፈቀደውን ገንዘብና የባቡር አስተዳደሩን የሚመለከቱ ውሳኔዎች አለመፈጸምንም ይጨምራል።

በሴልመር ላይ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1884 ተፈረደ። ከአስራ አንዱ ተከሳሾች ስምንቱ ከሹመታቸው ሲነሱ ሦስቱ በገንዘብ ተቀጡ። ከተነሱት አንዱ ኦቶ ሪቻርድ ኪየሩልፍ ነው፤ እሱም ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር፣ ኖርዌይና ስዊድን ያኔ በአንድ ንጉሥ ሥር ስለነበሩ መቀመጫው ግን ስቶክሆልም ንጉሡ ዘንድ። በተፈረደባቸው ሰዎች ስም ዝርዝር ላይ ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትር መታየቱ ስለዚህ የማተሚያ ቤት ስህተት አይደለም።

በገንዘብ ከተቀጡት መካከል ክርስቲያን ሽዌይጎርድ ሹመት ስላልተከለከለ ኤፕሪል 3 ተተኪውን ካቢኔ መሠረተ። ሦስት ወር አልሞላም፤ ጁን 26 ቦታውን የሊበራሎቹ መሪ ዮሃን ስቬርድሩፕ ያዘ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ