ማርጌሪታ ማን ናት?

ለአዘጋጁ፦

ስለ አፍሪካ ረጃጅም ተራሮች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ውጫሌ ላይ ሆኜ አነበብኩት። በሦስተኛ ደረጃ በኡጋንዳና በኮንጎ ድንበር ላይ ያለውን የሩዌንዞሪ ተራራ የማርጌሪታን ጫፍ፣ 5,109 ሜትር ብላችሁ አስቀምጣችኋል። ቁጥሩ ልክ ነው። ግን ማርጌሪታ ማን እንደሆነች ሳትነግሩን አለፋችሁ። እኛ ደግሞ ሴትዮዋን በባሏ በኩል እናውቃታለን።

የጣሊያን ንግሥት ነበረች፤ የንጉሥ ኡምቤርቶ ሚስት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚሁ አምባሰል፣ ይስማ ንጉሥ ላይ፣ ምኒልክ ከጣሊያኑ መልእክተኛ ከአንቶኔሊ ጋር የውጫሌን ውል የተዋዋሉት በእሱ ስም ነው። የአንቀጽ 17ን መዘዝ ልጅ አዋቂው ስለሚያውቀው ልለፈው። ዓድዋ ላይ ድል የሆነውም የዚሁ ንጉሥ ጦር ነው።

ከዓድዋ 10 ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 1898 ዓ.ም.፣ የአብሩዚው መስፍን ሉዊጂ ሩዌንዞሪ ላይ ወጣ። ኡምቤርቶ አጎቱ ነው። እናም ትልቁን ጫፍ በአጎቱ ሚስት ስም ጠራው። አጠገቡ ያለውን ደግሞ አሌክሳንድራ አለው፤ ኡጋንዳን የያዙት እንግሊዞች ናቸውና የእነሱም ንግሥት እንዳትቀር መሰለኝ። አሳሽ ሲባል ጀግንነቱ ብቻ ነው የሚወራልን፤ ዝምድናውና ደጅ ጥናቱ ግን ይረሳል። ይኸው መስፍን ኋላ ወደ እኛም መጥቶ ዋቢ ሸበሌን አጥንቷል።

ኪሊማንጃሮም ያው ነው። የይስማ ንጉሡ ውል በተፈረመ በአምስተኛው ወር ጀርመናዊው ሃንስ ማየር ከኦስትሪያዊው ፑርትሼለር ጋር ጫፉ ላይ ደረሰ። ወዲያው በጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ስም የካይዘር ዊልሄልም ጫፍ ብሎ ሰየመው። ታንጋኒካ (የዛሬዋ ታንዛኒያ ዋና ምድር) በ1954 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ግን ኡሁሩ፣ ማለትም በስዋሂሊ «ነፃነት»፣ ተባለ፤ ካይዘሩ ወረደ። ማርጌሪታ ግን እስከ ዛሬ ካርታው ላይ አለች። ደሴ ካፌ ገብታችሁ የምታዙት ፒዛ እንኳ በእሷ ስም እንደተጠራ ይነገራል!

ስሙ ይቀየር እያልኩ አይደለም። እሱ የኡጋንዳና የኮንጎ ጉዳይ ነው። የእኔ ጥያቄ ለናንተ ነው፦ ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ዝርዝር ስታወጡ ከሜትሩ ጎን ማን፣ መቼ፣ በማን ስም እንደሰየመው አንድ መስመር ጨምሩልን። ተማሪዎች ጋዜጣችሁን ቆርጠው ደብተራቸው ላይ ይለጥፋሉና።

ጡረተኛ የታሪክ መምህር
ከውጫሌ