ግማሽ ኑዛዜ በቂ አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የቀድሞ ብስክሌተኞች አበረታች መድኃኒት መውሰዳቸውን ስለማመናቸው ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። «ካመኑ ይበቃል» የሚለው ሐሳብ ግን አልተዋጠልኝም።

ጀርመናዊውን ኤሪክ ዛብልን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2007 እያነባ፣ ቀይ የደም ሴል የሚያበዛውን ኢፒኦ የሞከረው በ1996 ለአንድ ሳምንት ብቻ እንደሆነ ተናገረ። ብዙ ሰው አዘነለት። በ2013 የፈረንሳይ ሴኔት ስለ 1998ቱ የቱር ደ ፍራንስ የብስክሌት ውድድር ያወጣው ሪፖርት ስሙን ሲያነሳ ግን ለዓመታት መውሰዱን አመነ። ለስድስት ዓመት የቆየው ኑዛዜ ግማሽ ነበር ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት በንጹሕ ላባቸው ሲጋልቡ ወደ ኋላ የቀሩ ልጆች ነበሩ። የእነሱን ዕድል ማን ይመልስላቸዋል?

ጥፋቱ የጋላቢው ብቻም አይደለም። በዚያው በ2007 ዛብል ይጋልብለት የነበረው የቴሌኮም ቡድን ሐኪሞችም ማበረታቻ በመስጠት መሳተፋቸውን አምነዋል። ሐኪም ካለበት ነገሩ የአንድ ሰው ድክመት ሳይሆን አሠራር ነው።

በሌላ በኩል፣ እውነት የተናገረ ሥራውን የሚያጣ ከሆነ ማን ይናገራል? በ2012 የብሪታንያው የብስክሌት ቡድን ስካይ ሠራተኞቹን ከዶፒንግ (ከአበረታች መድኃኒት) ነፃ ነን ብላችሁ ፈርሙ አለ። አሰልጣኙ ቦቢ ጁሊች በጋላቢነቱ ዘመን መውሰዱን ተናገረና ከቡድኑ ወጣ። ዝም ማለት ያዋጣል የሚል ትምህርት ነው የተረፈው።

ስለዚህ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ለቡድኖች ፈቃድ ሲሰጥ፣ ሥራ አስኪያጆች፣ ሐኪሞችና አሰልጣኞች ያለፈ ታሪካቸውን ለገለልተኛ አካል በጽሑፍ ያስገቡ። ሁሉንም የተናገረ ሥራውን ይቀጥል። የደበቀ ሲገኝ ፈቃዱን ይነጠቅ።