ማዕረግ ያላቸው ተጫዋቾች በውድድራችን ስለሚገቡበት ሁኔታ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 2018 ዓ.ም.

ውድ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

በጥር ወር በቡና ቤታችን በተደረገው የቼዝ ውድድር እናንተ 250 ብር ከፍላችሁ ስትገቡ፣ ከአዲስ አበባ የመጣው ባለማዕረግ (በዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን የማስተር ማዕረግ ያለው) እንግዳ በነፃ እንደገባ ያወቃችሁት ከተመዘገባችሁ በኋላ ነው። ማስታወቂያው ቀድሞ መለጠፍ ነበረበት። ይቅርታ እንጠይቃለን።

እንግዳ ስለመጋበዛችን ግን ይቅርታ አንጠይቅም።

«በእኛ ገንዘብ የሸገር ሰው ሸለማችሁ» የተባለው ነገር ከሁሉ በላይ አስከፍቶናል። ስለዚህ ሒሳቡን እንዘርግፈው። ከእንግዳው በቀር 39 ሰው 250 ብር ሲከፍል 9,750 ብር ነው። ከዚህ 7,000 ብር ለሁለት ምድብ ሽልማት ሆኗል፦ ሬቲንጋቸው (የተጫዋችን ብርታት የሚለካው ቁጥር) ከ1700 በታች ለሆኑና ምንም ሬቲንግ ለሌላቸው፤ በእያንዳንዱ ምድብ 1,750፣ 1,050 እና 700 ብር። ለዳኞች 1,550፣ ለምዝገባና ውጤት ለማስተላለፍ 700፣ ለሰዓት ኪራይ፣ ለወረቀትና ለባትሪ 500 ብር ወጥቷል። አለቀ። እንግዳው አምስቱንም ዙር አሸንፎ የወሰደው 2,000 ብር ከቤቱ ካዝና የወጣ እንጂ ከእናንተ መግቢያ አንድ ብር አልነካም። ሽልማቱም ለባለማዕረግ ብቻ የተለየ አይደለም፤ አንደኛ ለወጣ ሁሉ ነው። ከእናንተ አንዱ ቀድሞት ቢሆን ኖሮ የእሱ ይሆን ነበር፤ አንድ ሰው ሁለት ሽልማት ስለማይወስድ የምድቡ ገንዘብ ለተከታዩ ይወርድ ነበር። ከ2,000 ብሩ ላይ የመኪናውን፣ የምሳውንና የአልጋውን ቀንሳችሁ ምን እንደተረፈው ገምቱ።

ለመሆኑ እንግዳ ለምን አስፈለገ? ሬቲንግ እንደ እርሾ ነው። ቤት ውስጥ እርሾ ከሌለ ከጎረቤት ይመጣል እንጂ ዱቄት ከዱቄት ጋር ስለተቦካ በደንብ አይነሳም። በዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን፣ በፊዴ ደንብ፣ አንድ ሰው የመጀመሪያ ሬቲንጉን ለማግኘት ሬቲንግ ካላቸው ተጋጣሚዎች ጋር ቢያንስ 5 ጨዋታ መጫወት አለበት። ጨዋታዎቹ በአንድ ቀን ማለቅ የለባቸውም፤ በ26 ወር ውስጥ ከተለያዩ ውድድሮች ይደመራሉ። በመጀመሪያ ውድድሩ ግማሽ ነጥብ እንኳ ያላገኘ ሰው ግን ያ ውድድር አይቆጠርለትም፤ የተሰላው ውጤት ከ1400 በታች ከሆነም ሬቲንግ አይወጣለትም። ሁለት ሬቲንግ የሌላቸው ሰዎች ቀኑን ሙሉ ቢጋጠሙ ለሬቲንግ የሚሆን ነገር አያፈሩም። በጥር ከ40ው ተጫዋች ሬቲንግ የነበራቸው 9 ብቻ ነበሩ። ከማጀቴ፣ ከመሐል ሜዳና ከሸዋ ሮቢት ሌሊት ተነስቶ የመጣ ልጅ ከእነዚህ ዘጠኝ ከአንዱ ወይም ከሁለቱ ጋር ካልተጋጠመ ድካሙ በየትኛውም መዝገብ አይገባም። እንግዳ ካልጋበዝን ዘጠኙም ይመናመናሉ።

«ሁላችንንም ጨረሰን» የሚለውም ትክክል አይደለም። በስዊስ አሠራር 40 ሰው 5 ዙር ሲጫወት አንድ ተጫዋች የሚያገኘው አምስት ሰው ነው። ሠላሳ አራታችሁ ከእንግዳው ፊት አልተቀመጣችሁም። በመጀመሪያው ዙር በሬቲንግ የተደረደረው ዝርዝር ለሁለት ይከፈልና 1ኛው ከ21ኛው፣ 2ኛው ከ22ኛው ይገናኛሉ፤ ከዚያ በኋላ እኩል ነጥብ ያላቸው እርስ በርስ ይጋጠማሉ። በመጀመሪያው ዙር ለእሱ የተሸነፈ ሰው በቀጣዩ ዙር የሚያገኘው እንደ እሱው ዜሮ የያዘ ሰው ነው። እንዲያውም አንድ ነገር አስተውሉ። ነጥብ እኩል ሲሆን የምንለየው በቡኽሆልትስ፣ ማለትም የተጋጣሚዎቻችሁን ነጥብ በመደመር ነው። ለእንግዳው የተሸነፈ ሰው ድምሩ ውስጥ 5 ነጥብ ይገባለታል። ሬቲንግ በሌላቸው ምድብ የሦስተኛው 700 ብር የተወሰነው በዚሁ ነው፤ ብሩን የወሰደው ለእንግዳው የተሸነፈው ነበር።

ሬቲንግ ያላችሁም ብትሆኑ ብዙ አትጎዱም። 1500 ያለው ሰው ከ2000 ጋር ሲጫወት የ500 ልዩነት እንደ 400 ይቆጠራል። በፈጣን ጨዋታ (ራፒድ) ቢሸነፍ የሚያጣው 1.6 ነጥብ ነው። እኩል ከወጣ 8.4 ያገኛል፣ ካሸነፈ 18.4። ያንኑ 18.4 የሚያጣው እንግዳው ነው፤ ሲያሸንፍ ግን የሚያገኘው 1.6 ብቻ ነው። ታዲያ መግቢያ አስከፍለን፣ በራሱ ወጪ አምጥተን፣ ሬቲንጉንም አደጋ ላይ ጥለን «ና» ብንለው ማን ይመጣል?

ካስሊንግ (ንጉሥና ግንብ በአንድ ተራ አብረው የሚንቀሳቀሱበት) በሁለት እጅ ተደረገ ተብሎ የተነሳው ጭቅጭቅም ከንቀት አልመጣም። ንጉሥና ግንብን በሁለት እጅ ማንቀሳቀስ ሰዓት ከተጫነ በኋላ እንደ ሕገወጥ እንቅስቃሴ ይቆጠራል፤ ዳኛው ለተጋጣሚ 2 ደቂቃ ይጨምራል፣ በድጋሚ ከፈጸመ ጨዋታውን ይሸነፋል። መጀመሪያ ንጉሥ፣ ቀጥሎ ግንብ፣ በአንድ እጅ፤ ሰዓቱም በዚያው እጅ። በድሮው ሰንጠረዥ (በአገራችን የቀድሞ ቼዝ) ዙሪያውን የቆመው ሁሉ ይመክር ነበር ይባላል፤ እዚህ ግን ከኋላ ሆኖ «ፈረሱን!» ማለት የወዳጃችሁን ጨዋታ ሊያበላሽ ይችላል።

ማዕረግ የሚያስፈራውን ያህል አይደለም፤ ይህንንም የምንለው እንግዳውን ለማሳነስ ብለን አይደለም። ካንዲዴት ማስተር በ2200፣ ፊዴ ማስተር በ2300 ሬቲንግ ይገኛል፤ ነገር ግን በኦሊምፒያድና በአህጉር ውድድር ውጤትም ስለሚሰጥ፣ ማዕረጉም ዕድሜ ልክ ስለሆነ፣ ባለማዕረግ ሆኖ ሬቲንጉ ከ2000 በታች የሆነ ሰው አለ። የእናንተን ገንዘብ እየበላ ያለው ሌላ ነው። በስልኩ ሺህ ጨዋታ ተጫውቶ፣ በወረቀት ላይ ግን ሬቲንግ የሌለው፣ በየውድድሩ የጀማሪዎቹን 1,750 ብር እየወሰደ የሚሄድ። እሱ ላይ አንድ ሰው ቅሬታ አላቀረበም፤ የአብዬን ወደ እምዬ ሆነና ጥፋቱ ሁሉ እንግዳው ላይ ተላከከ። ከእንግዲህ ሬቲንግ በሌላቸው ምድብ ሁለት ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት የወጣ ሰው ወደላይኛው ምድብ ይዛወራል። ይህንን ካሁን በፊት ማድረግ ነበረብን።

መግቢያው ከ150 ወደ 250 ብር መውጣቱ ለምን እንደሆነ መናገር አልፈለግንም ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ የዲጂታል ሰዓት ዋጋ አልቀመስ ብሏል፤ ለ20 ጠረጴዛ 20 ሰዓት ያስፈልጋል፣ እኛ ያለን 14 ነው፤ ስድስቱን በኪራይ እናመጣለን። ንጉሡ 9.5 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ከታች ክብደት ያለው ጠጠር እንጂ በነፋስ የሚወድቅ ፕላስቲክ አናቀርብም። መብራት ሲጠፋ ድልድሉ እንዳይቆም በየሰው ስም ካርድ አዘጋጅተን ነጥቡን፣ የተጋጠማቸውን ሰዎችና የያዘውን ቀለም በእጅ እንጽፋለን። በታኅሣሥ ውርጭ ጣት እንዳይደነዝዝ የምናነደው ከሰልም ዋጋው የምታውቁት ነው፤ ጭሱ ራስ እንዳያዞር መስኮቱን ገርበብ ማድረግ ስላለብን ደግሞ እጥፍ ይነዳል። አንድ ስኒ ቡና ይዞ አራት ሰዓት የሚቀመጥ ደንበኛን ቤቱ አንድም ቀን ተነስ ብሎት አያውቅም። ወደፊትም አይልም።

ባለማዕረግ እንግዶች በነፃ መግባታቸው ይቀጥላል፤ በምትኩ ከውድድሩ በኋላ ማምሻውን ከአሥር ሰው ጋር በአንድ ጊዜ ይጫወታሉ፤ ለተሸነፈ የትኛው እንቅስቃሴ ላይ እንደሳተ ያሳያሉ። አሥሩ ቦታ በቅድሚያ የሚሰጠው ሬቲንግ ለሌላቸው ነው። በጥር ውድድር ላይ ተቆጥታችሁ የወጣችሁ ስድስት ደንበኞች ስማችሁ ከዝርዝሩ አልተሰረዘም፤ ለሚቀጥለው ውድድር መግቢያችሁ የቀድሞው 150 ብር ነው፤ ልዩነቱን ቤቱ ይሸፍናል። ጠረጴዛው ያለ እናንተ ይጎድልብናል።

የሚቀጥለው ውድድር በመጋቢት የመጨረሻው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ 4 ሰዓት ይጀመራል፤ 5 ዙር፣ ለእያንዳንዱ ሰው 15 ደቂቃና በየእንቅስቃሴው 10 ሰከንድ። ምዝገባው ሐሙስ ማታ ይዘጋል። የፊዴ መለያ ቁጥር የሌላችሁ፣ በአገራችን የቼዝ ፌዴሬሽን በኩል ስለሚጠየቅ፣ ሙሉ ስምና የልደት ቀን የሚያሳይ መታወቂያ ቀደም ብላችሁ አምጡ።

የጠረጴዛ 7 ነጭ ፈረስ ከጥር ወዲህ ጠፍቷል። ሳያስበው ኪሱ ውስጥ ይዞት የሄደ ካለ ይመልስልን፤ ለጊዜው በጨው ዕቃ ክዳን ነው የምንጫወተው።

ከአክብሮት ጋር፣
የቤቱ ባለቤት