ሚጡ ቤት ገብታለች

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፣

ሰላምሽ ይብዛ። 12 ዓመት ሙሉ ያልጻፍኩልሽ ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። እህቴን ሚጡን ወደዚያ የአካል ጉዳተኞች ተቋም ስንልካት፣ "አቦ አትስጧት፣ እዚሁ ከእናንተ ጋር ትደግ" ብለሽ ለምነሽኝ ነበር። እኔ ደግሞ "ያንቺ እህት ብትሆን እንዲህ አትይም" አልኩሽ። ይቅር በይኝ።

አሁን ሚጡ ቤት ገብታለች። ከዚራ ሰፈር፣ ያው ኒም ዛፍ ያለበት ግቢ። ታውቂያታለሽ፣ ፖሊዮ የጎዳው እግሯን ብቻ ነበር። ባለሱቁን ተከራክራ ዋጋ አስቀንሳ የምትመጣ ልጅ ነበረች። ዛሬ ውሃ ለመጠጣት ታስፈቅደኛለች። በሩ ወለል ብሎ እያየችው "ልውጣ?" ትላለች። ምግብ ሲቀርብላት ሳህኑ የሚነሳባት ይመስል ቶሎ ቶሎ ትውጣለች። ማታ 1 ሰዓት፣ የድሬ ሰው ነፋስ ሊቀበል ደጅ ሲወጣ፣ እሷ ተኝታለች። እዚያ መብራት የሚጠፋው በዚያ ሰዓት ነበር።

ባለፈው በባጃጅ ታይዋን ገበያ ወሰድኳት። "ቀሚስ ምረጪ" አልኳት። ዝም። ላብ አጠመቃት። ኋላ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ "የደረሰኝን ልልበስ" አለችኝ። ለካ ልብስ ከክምር ነበር የሚታደላቸው።

ማንም አልመታትም። ምግቡ በሰዓቱ፣ አልጋውም ንጹሕ ነበር። ክፉ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ግን ያ ሁሉ ሰው በአንድ ደወል ሲነሳ፣ በአንድ ደወል ሲበላና ሲታጠብ፣ "እኔ የምፈልገው" የሚለው ነገር ቀስ እያለ ከሰው ይወጣል። ራስል ባርተን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1959 እ.ኤ.አ. ጽፎት ነበር፤ በተቋም የኖሩ የአእምሮ ሕሙማን ፍዘትና የሰው እጅ ጠባቂነት አኗኗሩ የጨመረባቸው ሌላ በሽታ ነው ብሎ። ሳነበው አለቀስኩ። ልንጠይቃት ስንሄድ "ጨዋ ሆናለች፣ አደብ ገዝታለች" እያልን ደስ ይለን ነበር እኮ!

አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ አንቀጽ 19 ላይ፣ የትና ከማን ጋር እንደሚኖሩ የመምረጥ መብት የራሳቸው ነው ይላል። ሚጡን ስንልካት ይህ ጸድቆ ነበር። ማን ጠየቃት? እማዬ ታማለች፣ የትምህርት ቤቱ ደረጃ ለክራንቿ አይመችም፤ በቃ። ደረጃውን ከማሠራት ልጅቷን ማራቅ ቀለለን።

ትናንት ስምሽን ስጠራላት "ያቺ ሹሩባ የምትሠራኝ?" አለች። ከመጣች ወዲህ ሳልጠይቃት ስለ ድሮ ስታወራ የመጀመሪያዋ ነው። እባክሽ ነይ። መጥተሽ ሥሪያት። ግን እንዴት እንዲሆንላት እንደምትፈልግ መጀመሪያ ጠይቂያት፣ እስክትመልስም ጠብቂያት። መልሷ ይቆያል።

አብሮ አደግሽ
ድሬዳዋ