ወታደሮቹስ የት ገቡ?

ሰላም አዘጋጅ፣ ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ያወጣችሁት አሪፍ ነው ግን በፈረንጆቹ 1865 አለቀ ብላችሁ ዘጋችሁት፣ ወታደሮቹስ? ጦሩ ተበትኖ ያ ሁሉ ሰው ወደ እርሻው ሲመለስ እጅ ወይ እግር የሌለው አለ፣ እንቅልፍ የከዳው አለ፣ ያኔ ደግሞ ትራውማ (የአእምሮ ቁስል) ምናምን የሚል የለም፣ የጦርነቱን ወታደሮች ያከመው ዶክተር ዳ ኮስታ እንኳ 1871 ላይ የጻፈው ስለ ልብ ምታቸው ነው። የፌደራሉ ጡረታም ላሸነፉት ለሰሜኖቹ ነበር፣ የተሸነፉት ደቡቦቹ የየስቴታቸውን እጅ ነው ያዩት፣ ከደቡብ ስቴቶቹ አንዷ ሚሲሲፒ 1866 ላይ ከገቢዋ አንድ አምስተኛ ገደማ ለሰው ሠራሽ እግርና እጅ መደበች ይባላል፣ አስቡት! እሺ እግሩን ያጣውስ ለጡረታ ቢሮ ያሳያል፣ ሌሊት እየባነነ የሚጮኸው ምኑን ያሳይ? ስለ እነዚህኞቹ አንድ ነገር ብትጽፉልን ደስ ይለኛል።