ስልክ ቁጥሬን በጭብጨባ ላስያዘችው መምህርት

በቅድሚያ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጄ ቤቱ ነው። ይህን ስጽፍ ከጎኔ ተቀምጦ ካልሲ እያጣመረ ነው። አንዱን ሰማያዊ አጥቶ ተናዷል። መጋቢት 12፣ በዓለም ዳውን ሲንድሮም ቀን፣ ሁለት ዓይነት ካልሲ አድርገን እንወጣለን። ሌላ ቀን ግን እንዲህ ያለ ቀልድ አያውቅም።

ልጄ የጠፋባትን ያቺን ሐሙስ አልተርክም። ፎቶውን ያጋራችሁ ሁሉ ታውቋታላችሁ። መገናኛ ላይ እጁን የለቀቅኩት እኔ ነኝ፤ ሒሳብ ልከፍል ቦርሳዬን ስከፍት። ከዚያ በኋላ ያሉት ሰባት ሰዓታት ለእኔ ይቅሩ። የምጽፈው ላመሰግን ነው። ከማን እንደምጀምር ግን ግራ ገብቶኛል።

በመምህርቷ ልጀምር። "ስሜን እንዳትጽፊ" ብላ አስጠንቅቃኛለች። "ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚህ ነው" አለችኝ። የመምህር ደመወዝ ምን እንደሚያህል ሁላችንም እናውቃለን፣ እዚያ ውስጥ አልገባም። የምታስተምረው በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ግቢው ጥግ ላይ ባለች የልዩ ፍላጎት ክፍል አሥራ አንድ ልጆች ይዛ ትውላለች። ከነሱ አንዱ የኔው ነው። ዕድሜው 14 ነው። ዳውን ሲንድሮም አለበት፤ አብሮት የተወለደ፣ ዕድገቱንና ትምህርቱን የሚያዘገይ ነገር ነው። ቤት ውስጥ ማሙሽ ነው የምንለው።

የመጀመሪያው ጠባችን የተነሳው በዚሁ ስም ነው። የገባ ሰሞን ስሙን ጠየቀችው። "ማሙሽ" አላት። የአባትህስ ስም? "አባዬ።" ዞር ብላ አየችኝና "የማሙሽ እናት፣ ይሄ ልጅ ቢጠፋ ፖሊስ የትኛውን ማሙሽ ይፈልግ?" አለች። ሟርተኛ አልኳት በልቤ። እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በክፍሏ ውስጥ ማሙሽ የሚባል ነገር ከለከለች። ስሙን እስከ አያቱ አጥርቶ ለመጥራት ሁለት ወር ፈጀበት። ቤት ሲመጣ እኛንም ያርመን ጀመር።

ቀጥሎ ስልክ ቁጥሬ መጣ። እነዚህ ልጆች በጆሯቸው ከሰሙት ይልቅ በዓይናቸው ያዩትን አጥብቀው እንደሚይዙ ያስረዳችኝ እሷ ናት። አሥር አኃዝ ሰምቶ በቃል መያዝ ለልጄ ተራራ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ሁለት ሁለት እያደረገች አምስት ካርቶን ላይ ጻፈችው፤ እያንዳንዱን በተለያየ ቀለም። "ዜሮ ዘጠኝ" ይልና አንዴ ያጨበጭባል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ይቺው ብቻ ነበረች። ከዚያ ሁለተኛዋ ካርቶን ተጨመረች። ከዚያ ሦስተኛዋ። የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ አምስቱም ገቡ። እህቱ ገመድ የምትዘለው በኔ ስልክ ቁጥር ዜማ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ቁጥሬን ያውቀዋል።

አምና ስልኬን ነጥቀውኝ ሮጡ። አዲስ ቁጥር ላወጣ ነው ብዬ ስነግራት ሴትዮዋ ልትመታኝ ምንም አልቀራት። "እኔ ደግሞ ሌላ ዓመት ላጨብጭብ?" አለችኝ። ሄጄ ተሰለፍኩና ያንኑ ቁጥር አስመለስኩ። ያን ቀን ባትቆጣኝ ኖሮ... እዚህ ጋ ስደርስ እጄ ይንቀጠቀጣል። ትንሽ ቆይቼ ልመለስ።

ተመለስኩ።

ይቅርታም ልጠይቃት ይገባል፣ በሰው ፊት። ያስቀየምኳት በሰው ፊት ነውና። አንድ ቀን ሳልነግራት ክፍሏ ብገባ ልጄ ሳፋ ፊት ቁጭ ብሎ ሲኒ ያጥባል። ደሜ ፈላ። ከዚያ በፊት አንድ ትምህርት ቤት "ሌሎቹን ልጆች ይረብሻል" ብሎ መልሶታል፤ ቁስሉ አልደረቀም ነበር። "ልጄን የላክሁት ፊደል ሊቆጥር ነው እንጂ የቤት ሠራተኛ ሊሆን አይደለም!" ብዬ ጮኽኩ። ልጆቹ ሁሉ ደነገጡ። እሷ ሳትቆጣ ወንበር ሰጠችኝ። "ፊደሉም ይመጣል። እኔና አንቺ ስንሞት ግን ሲኒውን ማን ያጥብለታል?" አለች። መልስ አልነበረኝም። ቢሆንም አኩርፌ ወጣሁ፣ ሳምንት ያህልም ሰላምታ ነፈግኳት። ልጄን ግን በየቀኑ በሯ ላይ ትቀበለው ነበር።

የጃኬት ዚፕ እንዴት እንዳስተማረችው ላሳያችሁ፣ ሌሎች እናቶች ይጠቅማችሁ ይሆናል። የነዚህ ልጆች ጡንቻ ላላ ይላል፤ ጣታቸው ቶሎ አይታዘዝም። እኔ ደግሞ ጠዋት ስለምቸኩል ሁልጊዜ ራሴ እዘጋለት ነበር። እሷ የጀመረችው ከመጨረሻው ነው። ሁለቱን ጫፍ ራሷ ትገጥማለች፣ እስከ ደረቱ ድረስ ራሷ ትስባለች። የቀረችውን አንዲት ጣት የምታህል ለሱ ትተውለታለች። አገጩ ድረስ ይስብና "ጨረስኩ!" ይላል። ሲለምደው እጇን ትንሽ ዝቅ አድርጋ ታቆማለች። ከዚያ ደግሞ ዝቅ። መግጠሙ ራሱ የመጣው ከስምንት ወር በኋላ ነው። በነዚያ ስምንት ወራት ልጄ አንድ ቀን እንኳ "አቃተኝ" ብሎ ጃኬቱን አልወረወረም። ሁልጊዜ የሚያበቃው በ"ጨረስኩ" ነበር።

ታክሲም እንደዚሁ። መጀመሪያ ክፍል ውስጥ ወንበር ደርድረው ተጫወቱ። አንዱ ሾፌር፣ አንዱ ረዳት፣ ሌላው ተሳፋሪ። በኋላ እውነተኛ ታክሲ ይዛቸው ወጣች፣ ከገዛ ኪሷ ከፍላ። ሁለት ነገር አስጠበቀችው፦ መልስ ሳትቀበል አትውረድ፣ መውረድ ስትፈልግ ጮክ ብለህ ተናገር። የኔ ልጅ "ወራጅ አለ!" ሲል ታክሲው ብቻ ሳይሆን ከኋላ ያለው መኪናም የሚቆም ይመስለኛል። ያን ዕለት ቃሊቲ የጣለው ታክሲ ረዳት ያስታወሰውም በዚሁ ነው። "ያ ጮክ ብሎ ወራጅ አለ ያለው ልጅ" አለ። ወንድሜ፣ ስምህን ሳልጠይቅህ ሄድክ። ሥራህን አቁመህ ከፖሊሶቹ ጋር ስትዞር እንዳመሸህ ግን ነግረውኛል። ዘርህ ይባረክ።

አሁን ወደ ቃሊቲዋ እህቴ። በጀበና ቡና ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት። ልጄ ሲመሽበት መንገደኛውን ሁሉ አልፎ ወደሷ ሄደ። መምህርቷ ያስተማረችው ይህንኑ ነበር፦ ከጠፋህ አትሩጥ፤ ከሚያልፍ መንገደኛ ይልቅ ቁጭ ብሎ የሚሸጥ ሰው ፈልግ። መልሱን በእጁ ጨብጦ ፊቷ ቆመ። ሙሉ ስሙን ነገራት፣ እስከ አያቱ። ከዚያ እያጨበጨበ ቁጥሬን።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ስልኬ ተይዟል! እኔ እኮ በስልኩ እያለቀስኩበት ነበር። አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይደውላል፣ "ተገኘ ወይ?" ይለኛል። እሷ አሥራ ሰባት ጊዜ ሞክራለች። በኋላ ራሷ ስልኳን አሳየችኝ። መጨረሻ ላይ የባሌ እህት "ኧረ ስልኩን ልቀቂው!" ብላ ጮኸችብኝ። ስዘጋው ወዲያው ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው። "እናቱ ነሽ? አይዞሽ፣ ሻይ ጠጥቷል" አለችኝ። ሰላም እንኳ ሳትለኝ፣ ሻይ ጠጥቷል። ይቺን ቃል እስክሞት አልረሳትም።

ስንደርስ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፏል። ልጄ ዱካ ላይ ተቀምጧል። እጅጌውን ሰብስቦ ሲኒ ያጥባል። ያጠበውን ረከቦቱ ላይ እየደፋ ይደረድራል። ጮኼ ስሙን ስጠራው ቀና ብሎ አየኝና "ቆይ፣ አልጨረስኩም" አለኝ። ቆሜ ጠበቅሁት። አራት ሲኒ ቀርቶት ነበር። ፖሊሶቹም ቆመው ጠበቁ።

ለፖሊስ አባላት በሙሉ፣ ፎቶውን በቴሌግራምና በቲክቶክ ላጋራችሁ፣ በየሰፈሩ ለዞራችሁ ወጣቶች፣ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም ላሳወጃችሁልኝ፣ ከዱባይና ከዋሽንግተን ለደወላችሁ ዘመዶቼ፣ ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ፣ ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈላችሁ። የዕድራችን ሰብሳቢ ጋሼም ይመስገኑልኝ። አንዱ "ጡሩምባ ለልቅሶ ነው፣ ለጠፋ ልጅ አይነፋም" ብሎ ሲከራከር እሳቸው ዝም ብለው አስነፉት። ሰው በእንባ እየሮጠ ወጣ፣ ሲሰማ ደግሞ ሊፈልግ በረረ።

አንዲት ሴት ደግሞ አለች፣ በአካል አግኝቻት የማላውቅ። ዘሚ የኑስ። በ2013 ዓ.ም. አርፋለች። የኔ ልጅ ኦቲዝም የለበትም። እሷ ግን፣ የጆይ ኦቲዝም ማዕከል መሥራቿ፣ የገዛ ልጇን ይዛ አደባባይ ወጥታ ስትናገር፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ልጄን ጓዳ የማስገባው እናት ሰምቼ አፈርኩ። ያኔ ነው ወደ ትምህርት ቤት ይዤው የወጣሁት። ነፍሷን ይማር።

ስማችሁን ያልጠራሁ ይቅር በሉኝ። ያን ለሊት እግሬን ያጠበችኝ ሴት ማን እንደሆነች እስከዛሬ አላወቅሁም፤ ጎረቤቶቼን ብጠይቅ ሁሉም "እኔ አይደለሁም" ይላሉ። ለማን መልሼ እንደደወልኩ፣ ለማን እንዳልደወልኩም አላውቅ። ቤቴ ክፍት ነው። ኑና ውቀሱኝ፣ ቡና እየጠጣን።

ስለ ቡና ካነሳሁ፣ ለቃሊቲዋ እህቴ አንድ መልእክት አለኝ። ዓርብ ጃኬቱን ላጥብ ኪሱን ብፈትሽ ያንቺን ሲኒ አገኘሁ። ቅዳሜ ይዘነው እንመጣለን። እሱ ግን ከወዲሁ አልሰጥም ብሏል።