ከቅዳሜ ጀምሮ አብረን እንራመድ፣ ቡናም እንጠጣ

ውድ የእድራችን አባላት፣ ጤና ይስጥልን።

ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ በየሳምንቱ አብረን እየተራመድን ቡና እንጠጣለን። በተለይ ብቻቸውን ለሚኖሩ እናቶቻችንና አባቶቻችን የታሰበ ነው።

ነገሩ የጤና ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በዓለም ላይ ከ6 ሰው አንዱ በብቸኝነት ይጠቃል። ብቸኝነት ለልብ ሕመም፣ ለስትሮክ፣ ለስኳርና ለድብርት ያጋልጣል። ጠያቂ ያለው ሰው ግን መድኃኒቱን የሚያስታውሰው፣ ሲያመው ሐኪም ቤት የሚወስደው አያጣም። ለለቅሶ ስንጠራ ማናችንም አንቀርም። በሕይወት እያለንም እንዲሁ ብንጠያየቅ እላለሁ።

የምንገናኘው ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ግቢው ዋና በር ላይ ነው። 40 ደቂቃ ያህል ቀስ ብለን እንራመዳለን። ጉልበታችሁን የሚያማችሁ 2 ሰዓት ላይ በቀጥታ ወደ እድሩ አዳራሽ ኑ፤ ቡናው እዚያ ይፈላል። የሚመች ጫማ አድርጉ። ስኒ አለ፤ ቆሎ ወይም ዳቦ የቻለ ይዞ ይምጣ።

ከቤት መውጣት የማይችል ጎረቤት ካላችሁ፣ ፈቃዱን ጠይቃችሁ በውስጥ መስመር ንገሩኝ። ማን እየሄደ እንደሚጠይቀው ቡናው ላይ እንወስናለን።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ “እመጣለሁ” ብላችሁ እዚሁ ጻፉልኝ።